ለሶልቪ መጠባበቂያ ስንፈልግ

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

ከትምህርት በኋላ እኔና ልጄ ሶልቪ ማይ ቫንግ ቢሮ ገባን። ማይ የትምህርት ቤታችን የኮሌጅ አማካሪ ናት። ድሮ ታሪክ አስተምሬያታለሁ፤ የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ስሟ ሲጠራ "አቤት" ለማለት እንኳ የምታፍር ልጅ ነበረች። ዛሬ ጠረጴዛው የእሷ ነው፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ማይ፣ ሶልቪ ልታመለክትባቸው ያሰበቻቸውን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ በአንድ አየች። ያሰብናቸውን ልበል፤ አብረን ነው የመረጥነው። ማይ አይታ አይታ፣

"ሚስስ ሃልቨርሰን፣ ሰማይ አለን፤ ወለል ግን የለንም" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሁሉም ከመቶ አመልካች አምስት ስድስቱን የሚቀበሉ ናቸው። ሶልቪ ጎበዝ ናት። ጎበዝ ደግሞ በዚህ አገር ሞልቷል። ቢያንስ ሁለት መጠባበቂያ ያስፈልጋታል። እንደሚቀበሏት አስቀድመን የምናውቀው፣ ክፍያው እናንተን የማያንገዳግድ፣ ደግሞም ብትሄድበት ደስ የሚላት።"

"ደስ የሚል መጠባበቂያ!" ብዬ ሳቅሁ።

ማይ አልሳቀችም። "ደስ የማይላትማ ቅጣት ነው እንጂ መጠባበቂያ አይደለም" አለች። ከዚያ ወደ ሶልቪ ዞራ፣ "የአካባቢ ሥነ ሕይወት ብሎ በር ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ጀማሪውን ተማሪ ቦት አስጫምቶ ውኃ ውስጥ የሚያስገባው የትኛው ነው? እሱን ጠይቂ።"

ሶልቪ ቃሉ አፏ ላይ የነበረ ይመስል፣ "ግሬይ ፖይንት" አለች።

ግሬይ ፖይንት በስተ ሰሜን ጫፍ፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ያንኳኳ ሁሉ ይገባበታል። ቢሮው ውስጥ ዝም አልኩ። መኪና ውስጥ ግን ዝም አላልኩም።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አሮጊቷ ዶሪስ ክንዴን ያዘችና፣ "ኔልስስ? መቼ ነው ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚመለሰው?" አለችኝ።

"በጃንዋሪ" አልኩ።

ባለቤቴ አርለን ዞር ብሎ አየኝ። ለምን በጃንዋሪ እንዳልኩ እኔም አላውቅም፤ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

ልጄ ኔልስ ለጊዜው እቤት ነው። በምሥራቅ ካለው ዩኒቨርሲቲው ከተመለሰ ሦስተኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። ከተማው ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ ይሠራል፤ አበባ ያፈላል፣ ዛፍ ይተክላል። እጁ ሁልጊዜ አፈር ነው። የሚገርም አእምሮ ነው ያለው፤ አስተማሪዎቹ ሁሉ ይህን ይሉ ነበር። ትንሽ ማረፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ሶልቪም ኔልስ የነበረበት ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ደስ ይለኛል። ለምን አይለኝም? ቤተሰቡ እዚያ ያልጨረሰው ነገር አለ።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ሶልቪን ይዤ ዌስትበርግ ኮሌጅ ሄድኩ። ማይ መጠባበቂያ ካለች ይኸው መጠባበቂያ። ስሙ የተከበረ፣ ሕንፃው ያማረ፤ የሶልቪ ውጤትም እነሱ ከሚጠይቁት በላይ ነው። ቤተ ሙከራው ሁሉ መስታወት ነው፣ ያብለጨልጫል። ያስጎበኘችን ልጅ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ታወራ ነበር፤ እንቅፋት እንዳይመታት ሰጋሁ።

ሶልቪ እጇን አወጣች። "ከሕንፃው ጀርባ ኩሬ አይቻለሁ። ተማሪዎቹ መቼ ነው የሚገቡበት?"

"ኧረ አይገባበትም! ድንገት የሚወድቅ ሰው ይኖራል ተብሎ ታጥሯል። ግን ከካፌው መስኮት በጣም ያምራል።"

ሶልቪ ሳቋን ለመዋጥ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ወላጆቹ ሁሉ ዞረው አዩን።

ስንመለስ፣ "እንቁራሪቶቹ ትኬት ቆርጠው ነው የሚገቡት ይሆን?" አለችኝ።

"ቁም ነገር ነው የምናወራው ሶልቪ።"

"እሺ እማዬ።"

ዌስትበርግ ጥሩ ነው። ለመጠባበቂያ ከበቂ በላይ ነው።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

የፈተና እርማት። ስብሰባ። አርለን አይብ ፋብሪካው የማታ ፈረቃ ላይ፤ አይብ ሰው አይጠብቅም። ሶልቪ ድርሰቷን አልጨረሰችም። ሁለቴ ጠየቅኋት። ኔልስ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍተው መልሶ አመጣ። አልጠየቅሁትም።


እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ሶልቪ ድርሰቷን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አነበበችልኝ። ስለ ረግረጉ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ ስላለው። እንዲህ ብላ ትጀምራለች፦ ወንድሜ ከምሥራቅ ሲመለስ ማንንም አያናግርም ነበር። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር በየምሽቱ እጁን ይዤ ረግረጉ ዳር እወስደው ነበር፤ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ነው። አንድ ቀን እንቁራሪቶቹ ሲጮሁ ቆም ብሎ ሰማና፣ "ይቺኛዋ ሌላ ዓይነት ናት" አለ። ስንት ጊዜ ከቆየ በኋላ ድምፁን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ የትኛዋ እንደምትጮህ ለይተው ማወቅ ጀመሩ። በዓመቱ አንዷ ዓይነት ጠፋች። ሶልቪ ውኃውን መረመረች፤ መንገድ ላይ ለበረዶ የሚበተነው ጨው ወርዶ ገብቶበታል። የከተማው ምክር ቤት ፊት ቆማ ተናገረች፤ ጨው የሚበትኑበትን መንገድ አስቀየረች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ!

አንብባ ስትጨርስ ተነሣሁና ውኃ ጠጣሁ።

"ስለ ጨው የሚለው ክፍል ድንቅ ነው" አልኳት። "ከጨው ጀምሪው።"

"ኔልስስ?"

"ኔልስን አውጪው። የግል ጉዳይ ነው። ሰው ጓዳችንን ለምን ያያል? ለእሱም ክብር ነው።"

"ግን ሥነ ሕይወትን የወደድኩት እኮ በዚህ ነው።"

"አውጪው ሶልቪ።"

"እሺ እማዬ።"

ኔልስን ካወጣችው በኋላ አሁን ድጋሚ አነበብኩት። ጥሩ ድርሰት ነው። ትንሽ ደረቅ ነው።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 31

ተልኳል። ለኔልስ ዩኒቨርሲቲ፣ መልሱ ቀድሞ በሚሰጥበት በቅድሚያ አመልካቾች በኩል። ሕፃናቱ በበዓሉ ልማድ የጭራቅ ልብስ ለብሰው ከረሜላ ለመልቀም በር ሲያንኳኩ ሶልቪ ቁልፉን ተጫነች። እኔ አጨበጨብኩ። ኔልስ ለሕፃናቱ ከረሜላ እያደለ ነበር፤ ዞርም አላለ።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ዛሬ የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ስደርስ ባርብ ክሌመንት ስለ እኔ ስታወራ ሰማሁ። ባርብ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል። "ሎይስ አንዱን ልጇን አቃጥላ አልበቃትም፤ አሁን ሁለተኛዋን እሳቱ ላይ ጥዳታለች" አለች። ሌላኛው ሰው ምን እንደመለሰ አልሰማሁም።

ፎቶ ኮፒ ልሠራ እንደመጣሁ ሆኜ ተመለስኩ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ደግሞ ማረፊያው ውስጥ ነው።

ባርብ ልጅ የላትም። ምን ታውቃለች?


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

የአጋዘን አደን ተከፈተ። ከተማው ሙሉ የአዳኞቹን ብርቱካንማ ልብስ ለብሷል። አርለንና ኔልስ ገና ሳይነጋ ወጡ። አርለን ጠመንጃውን መንገድ ላይ ከወንድሙ ቤት ወሰደ፤ አሁን ጠመንጃዎቹ ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጡት። እኛ ቤት ቦታ ጠበበ። ኔልስ ፔርሙዝና ሳንድዊች ነው የያዘው። ጠመንጃ አይወድም። ድሮ ይወድ ነበር።

ወንዶቹ ሲወጡ ቤቱን አጸዳሁ። የኔልስ በር ላይ ያለው የቁልፍ ቀዳዳ ባዶውን ነው፤ ብርድ ይገባበታል። ኔልስ ከምሥራቅ ሲመለስ አርለን ነው ቁልፉን ነቅሎ ያወጣው። ዝጎ ነበር።

ምንም ሳይገድሉ ተመለሱ። ኔልስ ግን ጉንጩ ቀልቶ፣ "አባዬ አንኮራፍቶ አጋዘኑን ሁሉ አባረረልኝ" ብሎ ሳቀ። አርለን፣ "አንተ ነህ ሳንድዊቹን እንደ ላም ያመነዠክኸው!" አለው። ሶልቪ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም።


ዓርብ፣ ዲሴምበር 12

አልተቀበሏትም።

ወደ ሌላ ዙር አላስተላለፏትም፣ ቆዪም አላሏትም። አልተቀበልንሽም ነው ያሏት።

ሶልቪ ኮምፒዩተሩን ዘጋችና ድንች መላጥ ጀመረች። እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ማልቀስ የነበረባት እሷ ናት። ማነው ታዲያ የሚያለቅሰው?


እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ኔልስ ጋራዡ ውስጥ የበረዶ አካፋ ሲያስተካክል አገኘሁትና አጠገቡ ቆምኩ። ስለ ሶልቪ እናወራለን ብዬ ነበር።

"ምናልባት ድርሰቱን ጠንከር ማድረግ ነበረብን" አልኩ።

"እማዬ፣ እዚያ ሳለሁ በየእሑዱ ትደውዪ ነበር" አለኝ። ድምፁ አልተለወጠም፤ አካፋውን እያየ ነው የሚያወራው። "መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ምን እንደነበር ታስታውሻለሽ?"

"እንዴት ነህ ነዋ!"

"ውጤትህ እንዴት ነው ነበር።"

ቂም የለበትም። አካፋውን ግድግዳው ላይ ሰቀለና፣ "ይበርድሻል፣ ግቢ" አለኝ።

ልክ አይደለም። እንዴት ነህ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ጠይቄው መሆን አለበት። እናት ልጇን እንዴት ነህ ሳትል እንዴት ስልክ ትዘጋለች?


ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 30

ቀሪዎቹን ማመልከቻዎች ላክን። አምስቱ ትልልቆቹ፣ ስድስተኛው ዌስትበርግ።

ሶልቪ፣ "ለግሬይ ፖይንትም ልላክ? ማይ ሁለት መጠባበቂያ ብላ ነበር" አለች።

"ዌስትበርግ አለ አይደል? ለግሬይ ፖይንት ከላክሽ ልብሽ እዚያ ይተኛል። ለራስሽ ዝቅ ያለ ቦታ ካነጠፍሽ ትወድቂበታለሽ።"

"እሺ እማዬ።"

አርለን ጋዜጣውን እያነበበ ነበር። ገጽ ሲገልጥ አልሰማሁትም።

ይህች "እሺ" ደስ አትለኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሶልቪ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ተኛች። ጉንፋን ነው። ባለፈው ሳምንትም ጉንፋን ነበር። በረግረጉ በረዶ ላይ መሄድ ትታለች፤ ዘንድሮ መሣሪያዎቿን አላወጣችም። ሾርባ ሠራሁላት። ሁለት ማንኪያ ብቻ ቀመሰች።

ዶሪስ ስለ ኔልስ ደግማ ጠየቀችኝ። "በመጪው ሴፕቴምበር" አልኩ።


እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 15

አርለን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ሰው ላይ የጮኸበትን ቀን አላስታውስም። ዛሬም አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

እራት ላይ ሶልቪ ትንሽ ቀማምሳ ተነሳች። "የስኮላርሺፑን ድርሰት ጀመርሽው?" አልኳት። "እሺ እማዬ" ብላ ደረጃውን ወጣች። እኔ የጠየቅሁት ጀመርሽ ወይ ነው። "እሺ" መልሱ አይደለም።

አርለን ሹካውን አስቀመጠ።

"ሎይስ፣ ይህችን እሺ አውቃታለሁ" አለ። "ኔልስ የመጨረሻዎቹ ወራት ስልክ ላይ እንዲህ ነበር የሚልሽ። አንቺ ስልኩን ዘግተሽ 'ደህና ነው' ትዪኝ ነበር። እኔም አምኜሽ እተኛ ነበር።"

"ጉንፋን ነው እኮ የያዛት።"

"አንድ ልጅ በአምቡላንስ ከተወሰደበት ሆስፒታል ነው የመለስኩት" አለ። "ሁለተኛ አልሄድም። ጉልበቱም የለኝ።"

ሳህኖቹን አንሥቶ ማጠብ ጀመረ። ጀርባውን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ጨርቅ አንሥቼ አጠገቡ ቆምኩና ማድረቅ ጀመርኩ።


ዓርብ፣ ማርች 20

ዌስትበርግ መልስ ሰጠ። መጠባበቂያችን ሶልቪን ተጠባባቂ አደረጋት።

ስህተት መስሎኝ ሦስቴ አነበብኩት። ውጤቷ ከእነሱ ተማሪ ሁሉ ይበልጣል! ማይን መተላለፊያው ላይ ይዤ ጠየቅኋት።

"ያውቁባታል፣ ሚስስ ሃልቨርሰን" አለች። "ከጎበኘች በኋላ አንድ ጥያቄ አልጻፈችላቸውም። 'ለምን እኛን መረጥሽ' ብለው ሲጠይቋት በሁለት መስመር ነው የመለሰችው። የማትመጣላቸውን ልጅ ለምን ይቀበላሉ? መጠባበቂያም እኮ መወደድ ይፈልጋል።"

ጥያቄ እንዳትጽፍ ያልኳት እኔ ነኝ። ጊዜሽን ለትልልቆቹ አውዪው ብዬ።


ዓርብ፣ ማርች 27

የቀሩትም አምስቱ ሁሉም አንቀበልም አሉ። አንዱ ደግሞ እጅግ ትሑት ነው፤ ይቅርታ ሦስት ጊዜ ይላል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የፈራሁት ደረሰ። የጠላሁት ግሬይ ፖይንት ግን የት አለ? በገዛ አፌ ዘግቼዋለሁ።

ከክፍል በኋላ ማይ ቢሮ ሄድኩ። አንኳኩቼ ገባሁ። ልጆቹ ሁሉ ሄደው ነበር። "ማይ፣ ልጄን ወለል አሳጣኋት" አልኩ።

ማይ ወንበሯን ጎትታ ከጠረጴዛው ማዶ ወደ እኔ መጣች። "ግሬይ ፖይንት ቦታ እስካለው ድረስ ይቀበላል። አሁንም ክፍት ነው" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ግን ከማመልከቷ በፊት ሶልቪ እንዴት እንደሆነች ጠይቀዋታል?"

"ጉንፋን..." ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም።


ቅዳሜ፣ ማርች 28

ሶልቪ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደምል ደረጃው ላይ ስለማመድ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

"እንዴት ነሽ?" አልኳት።

"ምኑ?"

"አንቺ። ሌላ ምንም አይደለም። አንቺ እንዴት ነሽ?"

ማልቀስ ጀመረች። "ደክሞኛል እማዬ" አለች። "በጣም ደክሞኛል። ውድቀቱን እችለዋለሁ። የአንቺን ፊት ማየት ነው ያቃተኝ። ኮምፒዩተሩን ስከፍት የማየው ደብዳቤውን ሳይሆን አንቺን ነው።"

አቀፍኳት። በትምህርት ቤት ስንት ሕፃን አጽናንቼአለሁ፤ የምለው ቃል አላጣም ነበር። ዛሬ አጣሁ። ጥሩ ሳይሆን አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ፊቷን ታጥባ ወረደች። "ለግሬይ ፖይንት ልላክ?" አለች።

"መጠየቅ የለብሽም።"

"የትኛውን ድርሰት ነው የምልከው?"

ኔልስ ማቀዝቀዣው ጋ ቆሞ ወተት እየጠጣ ነበር። ወደ እሱ ዞርኩ። "ኔልስ፣ ሶልቪ ስለ አንተ ጽፋ ነበር፤ ስለ ረግረጉ፣ ስለ ዝምታህ። ያንን እኔ ነኝ ያስወጣሁት። አንተ ካልተከፋህ..."

"አውቃለሁ" አለ። "መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጻፊው ያልኳትም እኔ ነኝ።" አፉን በእጅጌው ጠረገ። "እንደውም እንቁራሪቷን የለየሁት እኔ መሆኔን አጉልታ መጻፍ ነበረባት። ሳይንቲስቱ ማን ሆነና?"

"ውሸታም! ስሟን የነገርኩህ እኔ ነኝ!" አለች ሶልቪ።

ለእሱ ክብር ብዬ ነበር ያስወጣሁት። እሱ አላፈረም። ታዲያ ማን ነበር ያፈረው?


ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ግሬይ ፖይንት ተቀበላት። ደብዳቤው ታትሞ የመጣ ነው፤ ግርጌው ላይ ግን በእጅ የተጻፈ አለ፦ "ስለ ጨው መነጋገር እንፈልጋለን። ስለ ወንድምሽም ጆሮ። ኑና እዩን።" ፕሮፌሰር ኤሊንግሰን የምትባል ሴት ፈርማበታለች።

ሶልቪ ለኔልስ አነበበችለት። "ጆሮዬ ዝነኛ ሆነ" አለ።

ባርብ ማረፊያው ውስጥ፣ "ሰማሁ። ግሬይ ፖይንት መጠባበቂያዋ ነበር አይደል?" አለችኝ።

"የእሷ ምርጫ ነበር" አልኳት። "መጠባበቂያ ያልነው እኛ ነን።"

ባርብ ወንበር ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ።

አመሻሽ ላይ ዶሪስን ሱቅ አገኘኋት። እንደ ልማዷ ስለ ኔልስ ጠየቀችኝ። "ኔልስ ታሞ ነበር" አልኳት። "እያገገመ ነው። ይመለስ አይመለስ አላውቅም።" እጄን ያዘችና ቲማቲሞቹ ፊት ረጅም ጊዜ ቆምን። ወንድሟም እንዲሁ ሆኖ እንደነበር ነገረችኝ። ለካ ሰውን ሁሉ በሩ ላይ ያስቆምኩት እኔ ነበርኩ።


ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 25። ግሬይ ፖይንት

ኔልስ ነው የነዳው። "ጓደኛ ያስፈልጋችኋል" አለ እንጂ ማየት የፈለገው ራሱ ነው መሰለኝ። አርለን ፈረቃ ስለነበረበት ቀረ።

የባሕረ ሰላጤው በረዶ እየተሰበረ ነው፤ እርስ በርሱ ሲፋተግ ድምፁ እስከ መንገዱ ይሰማል። ሕንፃዎቹ አሮጌ ናቸው። የቤተ ሙከራው ጣሪያ ያፈስሳል፤ ባልዲ ተደቅኖበታል። ፕሮፌሰር ኤሊንግሰን ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ የጎማ ሱሪዋን ሳታወልቅ ነው የተቀበለችን። ስለ ውጤት አላነሣችም። ሶልቪን፣ "ጨው መሆኑን እንዴት አወቅሽ? ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም ነበር?" ብላ ያዘቻት። ሶልቪ መለሰች፤ ሴትየዋ ተከራከረቻት፤ ሶልቪም ተከራከረች። ልጄ ከሰው ጋር ስትከራከር ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው! ከእኔ ጋር እንኳ እሺ ብቻ ነበር።

"አንድ ጥያቄ ላይ ግን ተሳስተሻል" አለቻት በመጨረሻ።

"የቱ ላይ?" አለች ሶልቪ ዓይኗ በርቶ።

"ነይ ላሳይሽ። ይህን ልበሺ።" እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ወረወረችላት። ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ወንዙ አፍ ወረዱ።

እኔና ኔልስ ውኃው ዳር የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ሶልቪ ከሩቅ ትታያለች፤ እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ሆና አንድ ነገር ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ሁሉም ዙሪያዋን ተሰብስበዋል።

"ስለዚያ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለ ኔልስ።

'የትኛው ቀን?' ስላላልኩ እግዜር ይመስገን። "እፈራ ነበር" አልኩ።

"እኔም እፈራ ነበር፤ ትጠይቂኛለሽ ብዬ። ኋላ ደግሞ አትጠይቂኝም ብዬ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ልነግርሽ እችላለሁ።"

ነገረኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ ቆሞ ሐይቁን እያየ። አንድ ቦታ ላይ "ግን እኮ እኔ..." ልል ነበር፤ ከንፈሬን ነከስኩት። አላቋረጥኩትም። ሲጨርስ እጁን ያዝኩት። አፈር የነካው፣ ሻካራ እጅ ነው፤ የትልቅ ሰው እጅ። መቼ እንዲህ እንደሆነ አላየሁም።

የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም። የእሱ ነው።

ሶልቪ እየተንጠባጠበች መጣች። ጥርሷ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ትስቃለች። "ተሳስቼ ነበር!" አለች፣ ሽልማት እንደተሰጣት ሁሉ። "እማዬ፣ በሙሉ ተሳስቼ ነበር! እዚህ ነው የምማረው።"

"ይሁን" አልኳት። "መጀመሪያ ግን ካልሲሽን ቀይሪ።"

ወደቡ አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። ኔልስ ሁለት ሳህን በላ። የሶልቪንም ድንች ጀመረ፤ በሹካ መታችው። አርለን ከፋብሪካው ደወለ፤ ከኋላው ማሽኖቹ ይጮሃሉ፤ ድምፁን ለማሰማት ይታገላል።

"እንዴት ናችሁ?" አለኝ።

ልጆቼን አየኋቸው።

"አለን" አልኩት። "ሦስታችንም አለን።"